ያለቀ ጎን፣ ያላለቀ ጎን

አሥራ ሁለቱም ጥርሶች ያለቁት በአንድ ጎናቸው ብቻ ነው። በዚያ ጎን ብረቱ ተበልቶ ጫፉ ሾሏል፤ ጣት ሲያልፍበት ይቧጥጣል። በሌላው ጎን ግን ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው ግራጫ ገጽ እንዳለ ነው። ጥርሶቹ ያሉባት ብረት ከኬንያ የሃያ ሽልንግ ሳንቲም ብዙም የማትሰፋ፣ መሐሏ የተበሳ ክብ ናት። የምትቀመጠው በሣር ማጨጃ የኋላ ጎማ ውስጥ ነው። ሞተሩ ቺንጋውን ይስባል፤ ቺንጋው ትንሿን ካምቢዮ ያዞራል፤ ከካምቢዮዋ የሚወጣው ዘንግ ይህችን ጥርስ ያሽከረክራል፤ እሷም በጎማው ውስጠኛ ዙሪያ ካለው የፕላስቲክ ጥርስ ጋር ተናክሳ ማሽኑን ወደፊት ትነዳዋለች። ወደኋላ የሚነዳው የለም። ወደኋላ ሲያስፈልግ ሰው ይጎትተዋል። ስለዚህ አንዱ ጎን ዕድሜ ልኩን ሲሠራ ሌላው ዕድሜ ልኩን ያርፋል።

ማሽኑ የተፈታው ናይሮቢ፣ ዌስትላንድስ ውስጥ፣ ከዋያኪ ዌይ ገባ ብሎ ባለ የቆርቆሮ ጥላ ሥር ነው። የእጅ ባለሙያ በዚህ አገር ፉንዲ ይባላል። የዚህ ጥላ ባለቤት በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ ሲሠሩ ብዙ አይናገሩም፤ የፈቱትን እያንዳንዱን ብሎን ከነሮንዴላው በወጣበት ቅደም ተከተል በካርቶን ላይ ይሰካሉ። መለዋወጫ ሲያስፈልጋቸው ረዳታቸውን ወደ ኪሪንያጋ መንገድ ይልካሉ፤ በእኛ ቢሆን ሱማሌ ተራ ማለት ነው።

ዌስትላንድስን በፎቆቿ ብቻ የሚያውቃት ሰው የሣር ማጨጃ ጠጋኝ እዚህ ምን ይሠራል ሊል ይችላል። ከፈጣን መንገዱ ምሰሶዎችና ከመስታወት ሕንፃዎቹ ራቅ ሲሉ ግን፣ በስፕሪንግ ቫሊ፣ በሎሬሾና በኪቲሱሩ በኩል፣ ሰፊ ግቢ ያላቸው ቤቶች ገና አልጠፉም። በግቢዎቹ ከሚተከለው ሣር ዋነኛው ኪኩዩ የሚባለው ነው። የኬንያና የኢትዮጵያን ጨምሮ የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ተወላጅ ሲሆን፣ ከዚህ ተወስዶ አውስትራሊያና ካሊፎርኒያ ደርሷል። ግንዱ መሬት ለመሬት እየተሳበ ይጠላለፋል፤ ቅጠሉ ጥቅጥቅ ይላል። ዝናብ የጠገበ ኪኩዩ ሲታጨድ ጎማውን ይይዛል፣ ምላጩን ያከብዳል፣ ከሥሩ ያለው ቀይ አፈርም ከእርጥቡ ሣር ጋር ተለውሶ ጥርስ ውስጥ ይገባል። ናይሮቢ ሁለት ዝናብ አላት፤ ረጅሙ ከማርች እስከ ሜይ፣ አጭሩ ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር። ማሽኑ የሚያርፍበት ወቅት አጭር ነው።

ከፍታውም አለ። የአነስተኛ ሞተር አምራቾች በመመሪያ መጽሐፎቻቸው እንደሚጽፉት፣ በየ300 ሜትር ከፍታ ሞተሩ 3.5 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ናይሮቢ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሂሳቡ ወደ 20 በመቶ ይወስዳል። (ለአዲስ አበባ ከ27 በመቶ በላይ ይሆናል፤ ሸገር ላይ ሣር የሚያጭድ ሰው ይህን ይወቅልኝ።) የሞተሩ ጉልበት ሲቀንስ ሠራተኛው የሚነዳውን እጀታ ይበልጥ ጨምቆ ይይዛል፣ በጉልበቱም ይገፋል። ቺንጋው ይንሸራተታል፣ ጥርሱ ይበላል። አላቂው ክፍል የሚያልቀው በራሱ ጥፋት ብቻ አይደለም።

ይህ ማሽን ግን አልነዳ ብሎ ብቻ አልመጣም። ውኃ በገባበት መጋዘን ውስጥ ቆሞ ከርሟል። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ናይሮቢ በጎርፍ ስትጥለቀለቅ እንዲህ ያለው ሥራ ምን ያህል እንደበዛ መገመት አያዳግትም፤ ቢሆንም ለዚህ ጉዳት ያን የሚያህል ጎርፍ አያስፈልግም። ወለል ላይ የተኛ አንድ ስንዝር ውኃና በደንብ ያልተከደነ የቤንዚን ታንክ ይበቃሉ።

የማሽኑ ባለቤት በእንዲህ ያለ ጊዜ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር የማስነሻውን ገመድ መጎተት ነው። ፉንዲው መጀመሪያ የሚያደርጉት ካንዴላውን መፍታት ነው። ውኃ አይታመቅም። ሲሊንደሩ ውስጥ ጥቂት ውኃ ካለና ፒስተኑ በኃይል ከተገፋ፣ መውጫ ያጣው ጉልበት ያረፈበት ቢየላ ይጎብጣል። ካንዴላው ከወጣ በኋላ ገመዱን በዝግታ ይስባሉ። ውኃው በካንዴላው ቀዳዳ ተፍ ተፍ እያለ ይወጣል። መውጣቱን ሲያቆም ጥቂት ዘይት በዚያው ቀዳዳ ያንጠባጥቡና እንደገና በዝግታ ያዞሩታል። የሲሊንደሩ ግድግዳ እርጥብ ሆኖ ካደረ ፒስተኑ በቆመበት ልክ የዝገት ቀለበት ይሠራል፤ ያ ቀለበት በኋላ የፒስተኑን ቀለበቶች ይሞርዳቸዋል።

ካንዴላው ላይ የተጋገረው ጥቀርሻ ጥቁር ነው። ችኩል ሰው ይህንም ከውኃው ይቆጥረዋል። እሳቸው ለየት አድርገው ያስቀምጡታል። በከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ለባሕር ጠረፍ የተለካ ካርቡራተር እዚህ ከሚያስፈልገው በላይ ቤንዚን ይሰጣል፤ ስለዚህ ጥቁሩ የናይሮቢ ነው እንጂ የጎርፉ አይደለም። በሽቦ ብሩሽ ጠርገው የጫፉን ክፍተት በስስ የልኬት ምላጭ ያያሉ፦ 0.76 ሚሊ ሜትር። ሞተሩ ብሪግስ ኤንድ ስትራተን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1908 ሚልዋኪ ውስጥ የተመሠረተው ኩባንያ ሥራ። ይህ ቁጥር ለእነዚህ ሞተሮች የታወቀ ነው፤ ፉንዲው ግን ምላጩን ሳያስገቡ አያምኑትም።

ዘይቱ ሲቀዳ ማኪያቶ መስሎ ወጣ። ውኃና ዘይት በዘንጉ ሲናጡ እንዲህ ይሆናሉ፤ ሲቆሙም ቶሎ አይለያዩም። እንዲህ ያለ ዘይት ኩሽኔታውን አያለሰልስም። የዘይት ጎድጓዳው ከግማሽ ሊትር ብዙም የማይበልጥ ነው የሚይዘው፤ ስለዚህ ቆጥቦ መተው ትርጉም የለውም። ማሽኑን ሲያጋድሉት ካርቡራተሩና የአየር ማጣሪያው ያሉበትን ጎን ወደ ላይ አድርገው ነው። በተቃራኒው ቢያጋድሉት ዘይቱ ወደ ማጣሪያው ይወርድና አንድ ሥራ ሁለት ይሆናል።

ቤንዚኑን የሚቀዱት በመስታወት ማሰሮ ነው። ምክንያቱ ወዲያው ይታያል። ቤንዚን ከውኃ ይቀላል፤ አንድ ሊትሩ ሦስት ሩብ ኪሎ ያህል ነው። በማሰሮው ውስጥ ሁለቱ በጠራ መስመር ተለያይተው ይቀመጣሉ፤ ከላይ ወርቃማው፣ ከታች ውኃው። መስመሩ ከሥር አንድ ጣት ከፍ ብሎ ነበር። ሞተሩ ደግሞ የሚጠጣው ከታንኩ ሥር ስለሆነ በቅድሚያ የሚደርሰው ውኃው ነው። ኢታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን ቢሆን ነገሩ ይወሳሰባል፤ ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የወጣ ኢታኖል በአዲስ አበባ ቤንዚን ውስጥ ሲደባለቅ በነበረበት ዘመን የነዱ ሰዎች ይህን ያውቁታል። ኢታኖል ውኃውን ይጠጣና ጥቂት ጊዜ ይሸከመዋል፤ ከአቅሙ በላይ ሲሆንበት ራሱም ከውኃው ጋር ወደ ሥር ይወርዳል። መስመሩ ያኔም ይታያል፤ ከታች ያለው ግን ንጹሕ ውኃ አይደለም፤ ብረትን በይበልጥ ይበላል።

ካርቡራተሩ ላይ ረጅሙን ጊዜ አጠፉ፤ እኔም ረጅሙን ጊዜ ያየሁት እሱን ነው። ከሥሩ ያለችው ጽዋ በአንድ ብሎን ብቻ ትያዛለች። ያ ብሎን ማሰሪያ ብቻ አይደለም። መሐሉ ባዶ ነው፤ ጎኑም ላይ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰች ቀዳዳ አለች፤ ሞተሩ የሚጠጣው ቤንዚን በሙሉ በእሷ በኩል ያልፋል። አንድ ቁራጭ ናስ ጽዋውንም ያስራል፣ መጠኑንም ይለካል። ይህን ያሰበውን መሐንዲስ አላውቀውም፤ ግን ሁለት ዕቃ በአንድ ዋጋ መሥራት እንዲህ ነው። የጽዋው ወለል ላይ ነጭ አረንጓዴ ቅርፊት ተጋግሯል። የመጣው ከውኃው ነው፤ ለሳምንታት ከሥር ተኝቶ ብረቱን በልቶታል። ቀዳዳዋ ውስጥም አንዲት የውኃ ጠብታ ተወጥራለች። ጠብታ በጠባብ ቀዳዳ ውስጥ በራሷ ገጽ ጉልበት ትቆማለች፤ ቤንዚኑ የሚገፋበት ኃይል ትንሽ ስለሆነ አያባርራትም። ሞተር የሚያቆመው ነገር ይህን ያህል ነው።

አንዳንዱ ሰው እዚህ ቦታ የብረት ሽቦ ወይም መርፌ ይከታል። ፉንዲው ከአሮጌ የኤሌክትሪክ ገመድ አንድ ክር መዳብ መዘው አወጡ። መዳብ ከናስ ይለሰልሳል። መርፌ ቀዳዳዋን በአንድ ፀጉር ቢያሰፋት ሞተሩ እስከ ዕለተ ሞቱ ጥቀርሻ ይተፋል፤ የመዳቡ ክር ግን ራሱ ይጎዳል እንጂ ቀዳዳዋን አይጎዳም። ክሩን አስገብተው አዞሩ፣ አወጡ፣ በብርሃን አዩ፣ ነፉበት። ቅርፊቱን በእንጨት ጫፍ ፋቁ። ከዚያ ካርቡራተሩን ገልብጠው የተንሳፋፊዋን አቋም አዩ፤ ከካርቡራተሩ ገጽ ጋር ትይዩ መቆም አለባት። ከሥሯ ያለችው መርፌ ጫፏ ላይ የቀለበት ጠባሳ ስላለ አዲስ ተገዛላት። ትሪ ሙሉ ሥራ ሆኖ የወጣው ገንዘብ የአንዲት መርፌ ዋጋ ነው።

ከዚያ ቮላኖው ተፈታ። ከጎኑ ያለው የቆይሉ እግር ዝገት ይዟል፤ በስስ የአሸዋ ወረቀት ብሩህ እስኪሆን ፈተጉት። በቆይሉና በቮላኖው ማግኔት መካከል ያለው ክፍተት በዚህ ሞተር ከ0.25 እስከ 0.36 ሚሊ ሜትር ነው፤ አንድ የቢዝነስ ካርድ የሚያህል ውፍረት። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ካርዱን መሐል ያስገባሉ፣ የቆይሉን ብሎኖች ያላላሉ፣ ማግኔቱ ቆይሉን ራሱ ስቦ ካርዱ ላይ ያጣብቀዋል፣ ብሎኖቹ ይጠብቃሉ፣ ካርዱ ይሳባል። ልክ የሚሰጠው ማግኔቱ ነው፤ እጅ ምንም አይወስንም። የጋራዥ ብልሃት ሆኖ እንዲህ ያለ ንጽሕና ያለው ብዙ አላየሁም።

ቮላኖው ከኮሎው፣ ማለትም ከሞተሩ ዋና ዘንግ፣ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ሾጣጣ ነው፤ ሁለቱ ሾጣጦች በዳዶው ጉልበት ተጨምቀው ይያያዛሉ። መሐላቸው አንዲት አራት ማዕዘን ቻቬታ አለች፤ ውፍረቷ አምስት ሚሊ ሜትር አይሞላም፤ የተሠራችውም ከለስላሳ ቀላል ብረት ነው። ሰው ሁሉ ቮላኖውን የምትይዘው እሷ ትመስለዋለች። አይደለችም። የሚይዘው የሾጣጣው ጭብጥ ነው፤ እሷ የምታሳየው ቦታን ብቻ ነው። የማጨጃው ምላጭ ድንጋይ ሲመታ ኮሎው በቅጽበት ይቆማል፤ ከባዱ ቮላኖ ግን መዞሩን ይቀጥላል። ያኔ ቻቬታዋ ትቆረጣለች። የእሳት ሰዓቱ ይዛባል፣ ሞተሩ አልነሣም ይላል፣ ግን ኮሎው ተርፏል።

የዚህ ማሽን ቻቬታ አልተቆረጠችም፤ ጎኗ ላይ ግን በጥፍር የሚዳሰስ ደረጃ ሠርታለች። ቮላኖው ከቦታው በጥቂቱ ሸሽቷል ማለት ነው። ገበያው ላይ ከሚስማር የተሞረደ የብረት ቻቬታ የሚያስገቡ አሉ፤ አንድ ጊዜ ተተክሎ አይቆረጥም ብለው ይመኩበታል። ለእኔ ከጥገና ስህተቶች ሁሉ ይህን የሚያህል የለም። የማይቆረጥ ቻቬታ የሚቀጥለውን ድንጋይ በቀጥታ ለኮሎው ያስረክበዋል። በረዶ በሚጥልበት አገር በረዶ የሚጠርገው ማሽንም ይህንኑ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1925 አርተር ሲካር የተባለ የኩቤክ ሰው የመጀመሪያዎቹን ከሠራ ወዲህ ማሽኑ ብዙ ተለውጧል፤ ዛሬ በየቤቱ በሚገፋው ዓይነት በረዶውን የሚዝቀው ጠመዝማዛ ከዘንጉ ጋር የሚያያዘው እንዲቆረጡ ተብለው በተሠሩ ስፒናዎች ነው። የቀዘቀዘ ጋዜጣ ወይም ድንጋይ ሲነክስ ስፒናው ይሄዳል፣ በካምቢዮው ውስጥ ያለው የነሐስ ጥርስ ይተርፋል። እዚያም በጠንካራ ብሎን የሚተካው አለ፤ ስፒናው ይተርፍና ውዱ ካምቢዮ ይሰነጠቃል። ፉንዲው አዲሷን ለስላሳ ቻቬታ በጣታቸው ገፍተው አስገቡ። መዶሻ አልነካትም።

ወደ ነጂው ክፍል ተመለሱ። ቺንጋው ጠባቡ ዓይነት ነው፤ አዲስ ሲሆን የላይ ወርዱ 9.5 ሚሊ ሜትር ነው። ቺንጋ የሚይዘው በሁለቱ ጎኖቹ እንጂ በሥሩ አይደለም። ስለዚህ ፉንዲው መጀመሪያ ያዩት ቺንጋውን ሳይሆን ፑሌጃውን ነው። የፑሌጃው ቦይ ወለል ያብረቀርቃል። ወለሉ የሚያበራው ቺንጋው ጠቦ ሲወርድና ሥሩ ሲነካ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ቢያጠብቁት ይሞቃል እንጂ አይይዝም። ቺንጋው ተቀየረ። የፑሌጃው ጎኖች ግን ቀጥ ብለው ስለተገኙ በቦታቸው ቀሩ፤ ዝገታቸው ብቻ ተፋቀ። ዝገት የነካው ፑሌጃ አዲስ ቺንጋ በጥቂት ሰዓት ይበላል።

የኋላው ዘንግ የሚያልፍባቸው ሁለት ቦኮላዎች ሞላላ ሆነዋል። ዘንጉ የተሠራው በኢንች ነው፤ ግማሽ ኢንች፣ 12.7 ሚሊ ሜትር። ፉንዲው በካሊፐር ሦስት ቦታ ለኩት፤ ቦኮላው በሚነካበት፣ ከሱ ግራና ቀኝ። ለውጡ ጥቂት መቶኛ ነው፤ ዘንጉ ደህና ነው። ያለቀው ቦኮላው ነው፤ ማለቅም የነበረበት እሱ ነው። አዲሱን በሰፈሩ ቶርኖ ያለው ሰው ከነሐስ ዘንግ ቆርጦ ይሠራዋል። ፉንዲው የሚሰጡት ወረቀት ላይ ሦስት ቁጥር ብቻ ነው ያለው፤ ውስጥ፣ ውጭ፣ ርዝመት። ለውስጡ ከዘንጉ ውፍረት በላይ ከ3 እስከ 6 መቶኛ ሚሊ ሜትር ትርፍ ይተዋሉ፤ ለውጩ ደግሞ ሁለት ሦስት መቶኛ ያወፍሩታል፤ ተጨምቆ እንዲገባ። የመጣውን ቦኮላ ዘንጉ ላይ ደረቁን ሰክተው ዘንጉን አቆሙት። በራሱ ክብደት በዝግታ ወረደ። ቢወድቅ ይሰፋል፤ ቢቆም ይጠባል። ወደ ቤቱ ያስገቡት በሞርሳ ጨምቀው ነው፤ ከፊቱ አንድ ቁራጭ ጣውላ አስቀድመው። ሲጨመቅ ውስጡ በመጠኑ እንደሚጠብ ስለሚያውቁ ዘንጉን እንደገና አሳለፉበት። አለፈ።

የቀረው የመጀመሪያዋ ጥርስ ጉዳይ ነው። ጥርሷ ራሷ ትቀየራለች፤ ወደ ሌላ ጎን ልገልብጣት ቢሉ አይሆንም፤ ከውስጧ ያለው ቅርጽ ጎማው ወደፊት ሲገፋ ብቻ እንዲነክስ ለግራና ለቀኝ በየፊናው የተሠራ ነው። አዲሷ ርካሽ ናት። ጎማው ግን ውድ ነው፤ የፕላስቲኩ ጥርስም ከጎማው ጋር አንድ ላይ የተሠራ ስለሆነ ለብቻው አይሸጥም። እሱም በአንድ ጎኑ አልቋል።

ፉንዲው የግራውን ጎማ ቀኝ፣ የቀኙን ግራ አደረጉት።

ለምን እንደሚሠራ ለማየት ጎማውን በእጅ መያዝ ያስፈልጋል። የጎማው ጥርስ ሁልጊዜ ወደ ማሽኑ ሆድ ይመለከታል። ማሽኑ ወደፊት ሲሄድ የግራው ጎማ ከጥርሱ በኩል ሲታይ በሰዓት አቅጣጫ ይዞራል፤ የቀኙ ከጥርሱ በኩል ሲታይ ተቃራኒውን ይዞራል። ጎማዎቹ ቦታ ሲለዋወጡ እያንዳንዱ ለመጀመሪያ ጊዜ በተቃራኒው ይዞራል፣ ብረቷም የምትገፋው እስከዛሬ ያላረፈችበትን የፕላስቲኩን ጎን ይሆናል። ያ ጎን አዲስ ነው። ጎማዎቹ ቀኝና ግራ ሳይለዩ በአንድ ቅርጽ ስለተሠሩ ብቻ የሚሆን ነገር ነው፤ ፋብሪካው ይህን ያደረገው ምናልባት አንድ ቅርጽ ከሁለት ስለሚረክስ ነው። ማሽኑ ሁለተኛ ዕድሜ ያገኘው ከዚያ ቁጠባ ነው። ያለቁትን አሮጌ ጥርሶች አላስገቡም፤ ሹል ብረት አዲስ ፕላስቲክ ላይ ቢቀመጥ በአንድ ዝናብ ወቅት ይጨርሰዋል።

በጥርሶቹ ላይ ግሪስ አለመቀባታቸው አስገረመኝ፤ ጠየቅኳቸው። ጎማው ውስጥ ክፍት ነው፣ ቀይ አፈር ይገባል፣ ግሪስ አፈሩን ይይዘዋል፣ የተያዘ አፈር ሞረድ ነው አሉኝ። ግሪሱ የገባው አፈር በማይደርስበት በቦኮላው ውስጥ ብቻ ነው።

ምላጩ ተሳለ፣ በሚስማር ላይ ተሰቅሎ ሚዛኑ ታየ፣ ከከበደው ጫፍ ጥቂት ተሞረደ። የመንጃው ገመድ እጀታው ሲለቀቅ በትንሹ እንዲላላ ተደርጎ ተስተካከለ፤ ሁልጊዜ የተወጠረ ገመድ ቺንጋውን ሳይሠራ ያስፈጨዋል። አዲስ ዘይት ገባ፣ አዲስ ቤንዚን ገባ፣ ሞተሩ በሁለተኛው ስበት ተነሣ። ፉንዲው ለብቻው አሥር ደቂቃ ያህል አስሮጡትና አጠፉት፤ ዘይቱን ገና ትኩስ ሳለ እንደገና ቀዱት። በጥቂቱ ደብዝዟል፤ ከኮሎው ጥጋጥግ የቀረ ውኃ ነው። ሌላ ዘይት ሞሉ። ለባለቤቱም አንድ ግቢ ያህል ካጨደበት በኋላ ዘይቱን ለሦስተኛ ጊዜ እንዲቀይር ነገሩት፤ የዘይቱን ዋጋ ከሂሳቡ ለይተው በወረቀት ጻፉለት።